መሬት አስቀምጪው

አፌን ሦስት ወር ሙሉ ጠብቄው ነበር። ያጋለጠኝ እጄ ነው።

ዓርብ ጠዋት ነበር፤ እስራኤል አገር፣ አሽዶድ፣ ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር፣ ወይዘሮ ጌጥነሽ ወጥ ቤት ውስጥ። የሰንበት ዳቦ ሁልጊዜ ልጃቸው ከሱቅ ታመጣለች። በዚያ ሳምንት ግን "የሱቁ እንደ ጥጥ ነው፤ አንቺ አቡኪልኝ" አሉኝና አቦካሁ። ሊጡ ለስልሶ ከሳህኑ ሲላቀቅ አስተካከልኩት፤ ከዚያ በመዳፌ ጠርዝ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎን ተጫንኩት። እናቴ ሊጥ ሳታማትብ ከድና አታውቅም። እኔም ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ።

ፎጣውን ላለብሰው ዞር ስል ወይዘሮ ጌጥነሽ በምርኩዛቸው ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። እኔን አይደለም የሚያዩት፤ ሳህኑን ነው።

"ይኼ ምንድነው?"

ፎጣውን ጣል አደረግሁበት።

"ግለጪው።"

ገለጥኩት። መስቀሉ ሊጡ ላይ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል።

"አንቺ አማራ ነሽ" አሉ።

እሳቸው ባደጉበት በጎንደር ገጠር፣ በቤተ እስራኤሎች አፍ፣ አማራ ማለት ክርስቲያን ማለት ነው። እኛም እነሱን የምንጠራበት ስም ነበረን። አልደግመውም።

ምርኩዛቸውን አነሱና በጫፉ የሸሚዜን ኮሌታ ገለጥ አደረጉ። ማተቤ ታየ። ምርኩዙን መልሰው መሬት አስነኩት።

"ገላዬን ስንት ጊዜ አጠብሽኝ?"

"በሳምንት ሦስት ቀን፣ ወይዘሮ ጌጥነሽ።"

"ጀርባዬን?"

"አዎ።"

"ፀጉሬን ስትጎነጉኚኝ ከርመሽ የለ?"

"አዎ።"

"ያመመኝ ጊዜ… ሾርባውን በማንኪያ…"

"አዎ፣ እኔ ነኝ ያጎረስኩዎት።"

"አዎ አዎ አትበዪኝ!" አሉና ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

እንዴት እዚያ ቤት እንደገባሁ ልናገር። የባሌ የይርሳው ዘሮች ቤተ እስራኤል ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ወደ አሽዶድ ስንመጣ እሱ ወደ አያቶቹ ሃይማኖት ተመለሰ። እኔ ማተቤን አልበጠስኩም። ይርሳው አላስገደደኝም፤ ዘመዶቹ ግን እስከ ዛሬ ቤታቸው ስገባ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የወይዘሮ ጌጥነሽ ልጅ ጋሊያ ለእናቷ መታፔሌት፣ ማለት የአዛውንት ተንከባካቢ፣ ስትፈልግ አገኘችኝ። ሃይማኖቴን በመጀመሪያው ቀን ነገርኳት።

"ለእኔ ምንም አይደለም" አለችኝ። "አማርኛ የምትችል፣ እናቴንም የምትችል ሰው ነው የምፈልገው። ግን ለሷ እንዳትነግሪያት። የይርሳው ሚስት ነች እላታለሁ፤ ያ ይበቃታል።"

ከኔ በፊት ሦስት ሴቶች ተባረዋል። አንዷ ጨው አበዛች፣ አንዷ ስልክ አበዛች፣ ሦስተኛዋ ምን እንዳበዛች የሚያውቅ የለም። ጋሊያ ሦስተኛዋ የተባረረች ዕለት ከአንድ ቤት አቮት፣ ከአዛውንቶች ማደሪያ፣ ማመልከቻ አምጥታ ሞላችና ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ለጠፈችው። "አራተኛዋ ከሄደች ይኼን ይዤ እሄዳለሁ" ብላ። ወይዘሮ ጌጥነሽ ዕብራይስጥ አያነቡም። ወረቀቱን ግን ያውቁታል። ወተት ለማውጣት ማቀዝቀዣውን ሲከፍቱ ፊታቸውን ያዞራሉ።

እኔ ሥራ ስጀምር በስሙ እጀምራለሁ፤ ስጨርስ አመሰግናለሁ። ቅድስና አይደለም፤ ያደግሁበት ነው። እናቴ ቤት መጥረጊያ እንኳ ዝም ተብሎ አይነሳም ነበር። ሙቅ ውሃ ከቧንቧ ሲወርድ አመሰግናለሁ። የወይዘሮ ጌጥነሽ ተረከዝ በቅባት ሲለሰልስ፣ አንሶላቸው ፀሐይ ላይ ሲደርቅ አመሰግናለሁ። ግን በዚያ ቤት ጮክ ብዬ የምለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ "ተመስገን"። እሳቸውም ስለሚሉት አያስነቃም። ስሙንና የተረፈውን ሁሉ በልቤ ነበር የምለው። እጄን ግን ማን ያስጠነቅቀው?

"ደውዪላት" አሉኝ።

ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጋሊያ ወደብ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከኋላዋ የመኪና ጩኸት ይሰማል።

"እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

"አማራ አምጥተሽ አሳጠብሽኝ?"

"ብዙአለም ነገረችሽ?"

"ሊጡ ነገረኝ!"

"እማ፣ ስሚኝ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ጎንሽ ቆስሏል? አልቆሰለም። ወድቀሻል? አልወደቅሽም። በፊት ሁለቴ ወድቀሽ ነበር።"

"ያረከሰችኝስ?"

"ይኼ እኮ አሽዶድ ነው፣ እማ! ሐኪምሽ ሩሲያዊ ነው፤ ምን እንደሆነ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? የሚረክስ ነገር የለም። ዳይ፣ በቃ! እሷን ካባረርሽ እሑድ ጠዋት ያን ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ። እኔ ደክሞኛል።" ስልኩን ዘጋችው።

መድኃኒታቸው ሰዓቱ ደርሶ ነበር። በብርጭቆ ውሃ ቀዳሁና ከክኒኑ ጋር ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

"መሬት አስቀምጪው።"

"ማጎንበስ ያምዎታል…"

"መሬት አስቀምጪው አልኩሽ!"

አስቀመጥኩት። ወደ ኋላ ስል በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ እየቃተቱ፣ ጎንበስ ብለው አነሱት። ግማሹ ውሃ እጃቸው ላይ ፈሰሰ። በቀረው ዋጡት።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"አምስት ሰዓት።"

"ሰንበት የምትገባው ማታ ነው። ጊዜ አለ" አሉ። "አገር ቤት ዓርብ ዓርብ ወንዝ እንወርድ ነበር። አማራ የነካን ቀን ደግሞ ሳንነከር ቤት አንገባም። እዚህ ወንዝ የለም። ባሕር አለ።"

"ጋሊያ አሥር ሰዓት ስትመጣ…"

"ጋሊያ ትስቅብኛለች። አንቺ ትወስጅኛለሽ።"

"እኔ?"

"ያረከስሽኝ አንቺ አይደለሽ? የምትገፊኝም አንቺ ነሽ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤትሽ። እሑድ የሚሆነውን እሑድ አያለሁ።"

ያን ሲሉ ማቀዝቀዣውን አላዩም። እኔ ግን አየሁት።

በገዛ እጃቸው ከቁም ሣጥኑ ሥር ያለችውን፣ እኔ አጥቤ የማላውቃትን አንሶላ አውጥተው ሩቅ መንገድ የሚሄዱበት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አነጠፉ። በምርኩዛቸውም ደነገጉልኝ። "መቀመጫው የኔ ነው። እጀታው ያንቺ። ከእጀታው ወዲህ እንዳትመጪ።"

ከሮቫ ቤት እስከ ባሕሩ እንደዚያ ዕለት ረዝሞብኝ አያውቅም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰው ሁሉ ለሻባት እየተዘጋጀ ነው፤ አበባ የያዘ፣ በግ የሚያህል ሐብሐብ የተሸከመ። አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ወንበሩ ጉድጓድ ገብቶ ተንገዳገደ፤ ትከሻቸውን ልይዝ እጄን ሰደድኩ።

"እጅሽን!"

መለስኩት።

"እኔ ሸክላ ሠሪ ነበርኩ" አሉ ወደ ፊት እያዩ። የሚናገሩት ከኔ ጋር ይሁን ከመንገዱ ጋር አይታወቅም።

"አውቃለሁ፣ ነግረውኛል።"

"ላንቺ የነገርኩሽ ለእስራኤል ልጅ የሚነገረውን ነው። አሁን ደግሞ ያንቺን ስሚ። ገበያ ስወርድ ያንቺ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ለምን? በዓይኔ እንዳልበላቸው። ቡዳ ነኛ። ገንቦዬን ግን ይወዱታል። አይንጠባጠብም። ከእጄ ግን አይቀበሉትም። መሬት አስቀምጪው፣ ይሉኛል። አስቀምጬ ወደ ኋላ ስል መጥተው ያነሱታል። ወልጄ ከአራስ ጎጆ በወጣሁ ማግስት፣ ወገቤ ሳይጠና እንኳ፣ መሬት አስቀምጪው።"

ወንበሩን መግፋት አቆምኩ። የአያቴ ቤት ማዕዘን ላይ የነበረው ጥቁር ገንቦ ታየኝ። ስለ ሸክላ ሠሪዋ ስትናገር የአያቴ ድምፅ፣ ነጠላዋን ወደ እኔ ስትስብ የእጇ ሽታ።

"የእኔም አያት…" አልኩ።

"ምን?"

"የእኔም አያት እንደዚያ ትል ነበር። እኔንም ትሸፍነኝ ነበር።"

"አዲስ ነገር የነገርሽኝ መሰለሽ? ግፊ!"

ገፋሁ።

ባሕር ዳር እስከ ውሃው አጠገብ የሚያደርስ የእንጨት መንገድ አለ። ከዚያ በኋላ አሸዋ ነው። ሕዝቡ ጃንጥላውን ተክሎ ይጮኻል፤ ሁለት ጎረምሶች ኳስ በመምቻ ያላጋሉ። ማጺሉ፣ የዋናተኞች ጠባቂው፣ ከፍ ያለ ማማው ላይ ሆኖ በድምፅ ማጉያ ማንንም ይሰድባል።

ወይዘሮ ጌጥነሽ ጫማቸውን በምርኩዛቸው አወለቁ። ነጭ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ተነስተው ሄዱ። አሸዋው ላይ አሥር እርምጃ ያህል ነው፤ ሦስቴ ቆሙ። እኔ ከኋላ፣ እጆቼን እንደታሰረ ሰው ጀርባዬ ላይ አድርጌ እከተላለሁ።

ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን ሲነካቸው ዞረው አዩኝ። "እዚያው ቁሚ።"

ቆምኩ። እሳቸው እስከ ጉልበታቸው ገቡ።

"ሄይ! አንቺ ሰማያዊ ሸሚዝ!" አለ ማጉያው በዕብራይስጥ። "አያትሽን ያዣት እንጂ! ምን ቆመሽ ታያለሽ?"

የኳስ ተጫዋቾቹ ኳሳቸውን አቁመው አዩኝ። ጃንጥላ ሥር ያለች አንዲት ሴትም መነጽሯን አነሳች።

"ምን ይላል?" አሉ ወይዘሮ ጌጥነሽ።

"ያዣቸው ይላል።"

"በለው፣ አያገባህም!"

አልኩት። አልሰማኝም። "ሰማያዊ ሸሚዝ! ላንቺ ነው የምናገረው! አታፍሪም?"

ያን ጊዜ ማዕበሉ መጣ። ትልቅ አይደለም፤ ልጆች የሚዘሉት ዓይነት ነው። ወይዘሮ ጌጥነሽን ግን ከወገባቸው መታቸው። ምርኩዙ አመለጣቸው። ነጩ ቀሚስ ብቻ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ቀረ።

ሮጬ ገባሁ። በብብታቸው ስር ይዤ ብድግ አደረግኋቸው። አሸዋና ጨው ይተፋሉ።

"ልቀቂኝ!"

"ብለቅዎት ይሰምጣሉ።"

"ልስመጥ! ካንቺ እጅ ይሻላል! ልቀቂኝ!"

"ሁለተኛው ማዕበል ይለፍ፣ እለቅዎታለሁ።" ሁለተኛው አለፈ። ለቀቅኋቸው። ውሃው ወገባቸው ድረስ በሚመጣበት ቦታ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

"አበላሸሽው" አሉ። ውሃው በሽፋሽፍታቸው ይወርዳል፤ ሌላ ነገርም ይወርድ እንደሆነ ከጨው ውሃ መለየት አልቻልኩም። "ነካሽኝ። አሁን እንደገና ነው።"

"እሺ። እንደገና ይነከሩ። አልነካዎትም።"

"ውሃው እንደገና ይጥለኛል" አሉ። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ያለ ቁጣ የተናገሩት ይኼን ብቻ ነው። ወዲያው ግን ቁጣው ተመለሰ። "ምን ትገተሪያለሽ? ሂጂ ከፊቴ!"

ከፊታቸው ሄድኩ። ግን ወደ ዳር አልሄድኩም። በስተ ምዕራብ፣ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብዬ፣ ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ ቆምኩ። እግሮቼን አራርቄ አሸዋው ውስጥ ቀበርኳቸው፤ የጉርድ ቀሚሴን ሁለት ጠርዝ ይዤ እጆቼን ወደ ጎን ዘረጋሁ። የሚቀጥለው ማዕበል ጀርባዬን መታው፤ ተንገዳገድኩ፤ አልወደቅሁም። ወደ እሳቸው የደረሰው በጎንና በጎኔ ተከፍሎ የደከመው ውሃ ነበር፤ ደረታቸውን ነካ አድርጎ ተመለሰ።

ልማዴ መጣ። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ።

"አፍሽን ዝጊ!" ብለው ጮኹ። "በዚህ ውሃ ላይ ያንቺን ስም አትጥሪ!"

ዘጋሁት። እጄን ወደ ግንባሬ ማንሳት አልችል፤ ከአፌ ቃል አይወጣ። በዚህ ሁኔታ ሥራ ጀምሬ አላውቅም። ጥርሴን ነክሼ በልቤ ለማለት ሞከርኩ፤ በልቤም ማዕበሉ እየመጣ አቋረጠኝ። ስሙን ስጀምር ይመታኛል፤ ስጀምር ይመታኛል። በመጨረሻ ተውኩት። መቆሙን ብቻ ያዝኩ። ሰፊ ጀርባ አለኝ፤ ልጅ ሆኜ የሚሳቅብኝ ጀርባ ነው። ስለ እሱ አመስግኜ አላውቅም ነበር።

"ጀግና! አሁን ደግሞ እጇን ዘርግታ ታያታለች!" አለ ማጉያው። ሰዎች ሳቁ።

ወይዘሮ ጌጥነሽ ማንንም አልሰሙም። ዓይናቸውን ጨፍነው በግዕዝ ይሁን በአማርኛ ያልለየሁት ነገር አጉተመተሙ፤ ከዚያ አፍንጫቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። ውሃው በራሳቸው ላይ ገጠመ። ነጭ ሽበታቸው ለአንድ አፍታ ተበተነ። ብቅ አሉ። ደግመው ገቡ። ሦስተኛውን ሲወጡ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። እጄ ሊሄድ ተነሳ። መልሼ ዘረጋሁት።

ለመነሳት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ምርኩዙ ዳር ወጥቶ አሸዋው ላይ ተጋድሟል።

"አትይኝ" አሉ።

ዞሬ ፊቴን ለባሕሩ ሰጠሁ። በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳሁ ሲወጡ የአሸዋውን ድምፅ ሰማሁ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ስዞር ምርኩዛቸውን ጨብጠው ቆመዋል።

ፎጣውን ከቦርሳ አወጣሁ። ሳይናገሩኝ፣ ከእግራቸው አራት እርምጃ ራቅ አድርጌ መሬት አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ወደ ኋላ አልኩ።

ፎጣውን አዩት። እኔን አዩኝ። ትንሽ ቆይተው ሄደው አነሱት።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሊያ ቀድማን ደርሳ ነበር፤ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታለች። እናቷን ከእግር እስከ ራስ እርጥብ ስታይ ቁልፏ ከእጇ ወደቀ።

"ምን አደረግሻት?" አለችኝ።

"እኔ…"

"እሷ ምንም አላደረገችኝ" አሉ ወይዘሮ ጌጥነሽ። "ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ፣ ውሸታም። ልብስ አምጪ።"

ጋሊያ አለበሰቻቸው። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ፎጣውን አንስቶት፣ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ፈሷል። የእጄ ምልክት ጠፍቷል። ማቀዝቀዣው ላይ ያለው ወረቀት ግን እንዳለ ነው።

ጋሊያ ወደ ወጥ ቤት መጣችና በቀጥታ ወደ ወረቀቱ ሄደች። ማግኔቱን አነሳች። "ይቅርታ፣ ብዙአለም" አለች። "አንቺ ጥፋት የለብሽም። እሷ እንደሆነች አትለወጥም።"

"ምን ልታደርጊበት ነው?" ወይዘሮ ጌጥነሽ በደረቅ ቀሚስ በሩ ላይ ቆመዋል። ጠዋት የቆሙበት ቦታ ላይ።

"አራተኛዋን አባረርሽ አይደል፣ እማ? ቃሌን ነግሬሻለሁ።"

"ማን አባረራት? አባርሬያታለሁ ስል ሰምተሻል?" ምርኩዛቸውን ወደ እኔ አነሱ። "አንቺስ ሰምተሻል?"

"አልሰማሁም፣ ወይዘሮ ጌጥነሽ።"

"ከእሑድ እስከ ሐሙስ ትነካኛለች፤ ምን አማራጭ አለኝ? ልጄ ጊዜ የላትም። ዓርብ ታወርደኛለች፤ እነከራለሁ፤ ሰንበትን ንጹሕ ሆኜ እገባለሁ። ወረቀትሽን ቅደጂው።"

ጋሊያ አልቀደደችውም። አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ከማቀዝቀዣው በር ላይ ግን ወርዷል፤ በቦታው አራት ማዕዘን ንጹሕ ነጭ ቀርቷል።

"ሊጡን ይዘሽ ሂጂ" አሉኝ። "እኔ አልበላውም፤ እህል ደግሞ አልጥልም። ቤትሽ ጋግሪው።"

በፌስታል ጠቅልዬ ያዝኩት። ሞቃት ነው፤ እየተነፈሰ እጄን ይገፋል። ከሰንበት በፊት የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ወደ በሩ ተጣደፍኩ።

"ተመስገን" አልኩ፣ ሳላስብ፣ ጮክ ብዬ።

በዚያ ቃል ወይዘሮ ጌጥነሽ ሊቆጡኝ አይችሉም። እሳቸውም የሚሉት ቃል ነው። በሩን ልዘጋ ስል ደግሞ ጠሩኝ።

"አንቺ!"

"አቤት፣ እማማ ጌጥነሽ።"

"እማማ አትበዪኝ፤ እናትሽ አይደለሁም።" ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ። "የሚመጣው ዓርብ ትንሽ ወደ ቀኝሽ ቁሚ። ውሃው በዚያ በኩል እየሾለከ ሲመታኝ ነበር።"

በሩን እኔ ሳልዘጋው እሳቸው መጥተው ከውስጥ ዘጉት።